ዘቢቡ ከየት መጣ?

ክርክሩ የተነሣው እዚሁ መኝታ ክፍላችን ውስጥ ነው። አንድ የጎጃም ልጅ ጓደኛ አለን፤ ከቆሎ ተማሪነት ወደዚህ የመጣ፣ ድቁናም የተቀበለ። አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ሳለ «ቆላ ወይን አያበቅልም። ቢያበቅልም ጠጅ አይወጣውም» ብሎ ፈረደ። ሌላው፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ፍርዱን አሻሽላለሁ ብሎ «የለም፣ መሬቱስ ይሆናል። የድሬዳዋ ሰው የማይጠምቀው ሙስሊም ስለሆነ ነው» አለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የዋሂል ልጅ ነኛ!

ዋሂልን ለማታውቁ፦ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ያለች ገጠር ናት። ማሽላ፣ ፍየል፣ ጫት፣ ድንጋይ፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ፣ ሲሄድ አቧራ። በአያቴ ጓሮ ግን፣ ከጉድጓዱ አጠገብ፣ አንድ የወይን ሐረግ ነበር። ከሥሩ ተኝቼ፣ ፍሬውን ከአፌ በላይ እያየሁ ያደግሁ ሰው «ቆላ ወይን አያበቅልም» ሲባል ምን ይላል? «አቦ ተወኝ» ብዬ ተነሣሁ። ነገሩ ግን አልተወኝም። የሚቀጥለውን ሳምንት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከረምኩና ያገኘሁትን እነሆ ለናንተም ጻፍኩት።

ከቃሉ ልጀምር። ግዕዝ «ወይን» ሲል ተክሉንም፣ ፍሬውንም፣ መጠጡንም ማለቱ ነው። በደቡብ ዓረብ የድንጋይ ጽሑፎች ይኸው ቃል የወይን እርሻን ይጠራል፤ ዕብራይስጡ «ያይን» ይላል። ቃሉ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ሲመላለስ የኖረ ነው ማለት ነው። አማርኛችን ግን መጠጡን ለይቶ መጥራት ሲፈልግ «ወይን ጠጅ» አለ። ልብ በሉ፤ አማርኛ ተናጋሪው ሰው የሚያውቀው መጠጥ ጠጅ ነበርና የወይኑን መጠጥ በጠጅ ስም አጠመቀው። እንግዳን በባለቤቱ ስም መጥራት እንደማለት ነው። ማር የትም አለ፤ ንብ ገራዥ አትፈልግም። ወይን ግን ያለ ሰው እጅ ዱር ሆኖ ይቀራል። ይህን ነገር በኋላ እመለስበታለሁ።

ለእኛ ለቆላዎቹ የሚያስደስተው ማስረጃ ያለው በባሕሩ ዳርቻ ነው። በ1ኛው መቶ ዘመን ገደማ አንድ በግብፅ የሚኖር የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የኤርትራ ባሕር ጉዞ በሚባለው መጽሐፍ የወደቦችን ሸቀጥ እየዘረዘረ ጽፏል። ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ከሶርያው ሎዶቅያና ከጣልያን የሚመጣ ወይን ጠጅ ይገኛል፤ «ብዙ ያልሆነ» ብሎም ይጨምራል። ወደ ደቡብ ወርዶ ደግሞ አዋሊጤስ የምትባል ወደብን ይጠቅሳል። ብዙ ሊቃውንት ይህችን ወደብ ዘይላ አካባቢ ያደርጓታል፤ ዘይላ ማለት እንግዲህ የኋላው የሐረር በር ናት። በዚያች ወደብ ከሚራገፈው ዕቃ አንዱ ከግብፅ የመጣ የጨርቋ ወይን ጭማቂ ነው! ዛሬ ከድሬዳዋ ቁልቁል ወደ ባሕሩ የሚወርደው ሰው ግመልና እሾህ ብቻ ያያል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ግን በዚያው ዳርቻ የወይን ጭማቂ በእንስራ ይራገፍ ነበር።

ይሁንና ዳርቻው ወይን ተቀበለ እንጂ ወይን አላበቀለም። ወደ ደጋው ሲወጣ አክሱም ላይ አርኪዮሎጂስቶች ከባሕር ማዶ የመጡ እንስራዎችንም፣ በእሳት ከስለው የቀሩ የወይን ፍሬ ዘሮችንም አግኝተዋል። ዘሩ የደረቅ ፍሬ ይሁን የእርሻ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ ነገር ግን ወይን አክሱም ገበታ ላይ መቅረቡ አያጠራጥርም። የሚጠጣውም ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም። ከሎዶቅያ በመርከብ፣ ከአዱሊስ በአህያ ሽቅብ የወጣ መጠጥ ለገባር አይቀዳም።

ከዚያ በኋላ ክርስትና ገባ፤ ነገሩም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ወይን የባለጸጋ መጠጥ ነበር፤ አሁን ግን በየተራራው፣ በየደሴቱ፣ በየገዳሙ የግድ የሚያስፈልግ ሆነ። ለቅዳሴ ከወይን ፍሬ በቀር ሌላ አይሆንም። ጠጅም ቢጣፍጥ፣ ጠላም ቢጠራ አይተካውም። እንግዲህ የአብያተ ክርስቲያናቱን ብዛት አስቡት። ይህ ሁሉ ወይን ከየት ይመጣል?

መልሱን የሰጠኝ መጽሐፍ አይደለም፣ ያው የጎጃሙ ጓደኛዬ ነው። «አንተ፣ ልጅ ሆነህ ምን ትሠራ ነበር?» አልኩት። (የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም ይባላል፤ እሱ ግን ዲያቆን ስለሆነ ሰዎች አንቱ ይሉታል፤ እኔ ለምዶብኝ አልሆነልኝም።) «ሌሊት ተነሥቼ ቤተልሔም እገባለሁ» አለኝ። ቤተልሔም የሚባለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ኅብስቱና ወይኑ የሚዘጋጁበት ቤት ነው። «ዘቢቡን አጥባለሁ፣ በውሃ እዘፈዝፋለሁ፣ ጨምቄ አጠልላለሁ። የዕለቱን ለዕለቱ።» ዘቢብ! የደረቀ ወይን። እናቶች «ዕጣንና ዘቢብ» ብለው ተስለው ለቤተ ክርስቲያን የሚያገቡት ያው ዘቢብ ነው። ስንቱን ጊዜ ሰምተነዋል፤ ዘቢቡ ለምን እንደሆነ ግን እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ልማዱ የትናንት አይደለም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በልብነ ድንግል ዘመን አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይኸንኑ አይቷል። ከወይን ፍሬ በግልጽ ወይን ጠጅ የሚጠመቀው በንጉሡና በጳጳሱ በአባ ማርቆስ ቤት ነው፤ ሌላው ቢጠምቅ በስውር ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ዘቢብ በውሃ ዘፍዝፈው፣ በጨርቅ ጨምቀው ይቀድሱበታል ብሎ ጽፏል። ከዚህ ላይ ቆም ብዬ አሰብኩ። አልቫሬዝ ያየው ደጋ ነው፤ ነፋሻ፣ ቀዝቃዛ፣ ለወይን የተመቸ የሚባለው አገር ነው። በዚያ እንኳ ወይን ጠጅ የሁለት ቤት መጠጥ ነበር። ስለዚህ «ቆላው አይጠምቅም» ተብሎ ለብቻው የሚወቀስበት ምክንያት የለም፤ ደጋውም አልጠመቀም።

ዘቢቡ ለምን አሸነፈ ቢባል፣ ግመሉን ጠይቁት። ወይን ጠጅ በአቁማዳ ተጭኖ የዘይላን በረሃ ቢያቋርጥ ጀልዴሳ ሲደርስ ኮምጣጤ ነው። ትኩስ ፍሬ ከሆነ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጭማቂው በግመሉ ጎን ይወርዳል። ዘቢብ ግን ቀላል ነው፣ አይፈስም፣ አይበሰብስም፤ ዓመት ቢቀመጥም ውሃ ሲያገኝ ይነቃል። ባሕሩን ተሻግሮ ከፊታችን ያለችው የመን ደግሞ የወይን አገር ናት። በሰንዓ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ሙስሊሙ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ብዙ ዓይነት ወይን ያለማል፤ ይበላዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይሸጠዋል። ከዚያው ፍሬ ወይን ጠጅ የሚጠምቁት የሰንዓ አይሁዶች ነበሩ። አንድ ሐረግ፣ ሁለት ቤት፤ የማንም ሃይማኖት ሐረጉን አልነቀለውም። የአዲስ አበባው ጓደኛችን ፍርድ እዚህ ላይ ተሰነጠቀ።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ በረመዳን ዘቢብ በውሃ ትዘፈዝፍ ነበር። ጧት ትዘፈዝፋለች፣ ለማፍጠሪያ እንጠጣዋለን። አንድ ጊዜ የተረፈውን በማግሥቱ ልጠጣ ስል እጄን መታችኝ፤ ጎንበስ ብላ አሸተተችውና ደፋችው። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። በሐዲሥ እንደተነገረው ለነቢዩ ዘቢብ በውሃ ይዘፈዘፍ ነበር፤ በዕለቱ፣ በማግሥቱ፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ማታ ይጠጣል፤ ከዚያ ያለፈው ይደፋል። መጠጡ ነቢዝ ይባላል። ወሰኑ ቀን ነው፤ ከወሰኑ ወዲያ ውሃው መጠጥ ይሆናል፣ ያሰክራል። አያቴ ግን የድሬዳዋን ሙቀት ታውቃለችና ሦስት ቀን አልጠበቀችም። በዚያ ሙቀት ዘቢብ በሁለተኛው ቀን አረፋ ይጀምራል፤ ጠማቂ አያስፈልገውም፣ አየሩ ራሱ ጠማቂ ነው።

ይህን ለጎጃሙ ጓደኛዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ፤ ከዚያ «እኛም እኮ የሚያድር አንጠቀምም» አለ። እሱ በቤተልሔም፣ እሷ በዋሂል ጎጆዋ፤ አንዱ ለቅዳሴ፣ አንዷ ለማፍጠሪያ፤ ዘቢቡ ያው፣ ውሃው ያው። ሁለቱም የዕለቱን ለዕለቱ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ክርክራችን ጠባዩን ለወጠ፤ እሱም እንደኔ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመረ።

ወደ ታሪኩ። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ለሸፍኔ የባቡር ሐዲድ ሥራ ፈቀዱ። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቆመ፤ እዚያም «አዲስ ሐረር» ተባለና በኋላ ድሬዳዋ ሆኖ ጸና። የዘይላ ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያሳርፍባት ጀልዴሳ ባቡሩ ባለፈ ማግሥት ወና ቀረች ማለት ይቻላል። ለወይን ግን ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ወይን ጠጅ በግመል አይጓዝም ብለን ነበር፤ በባቡር ይጓዛላ! ጂቡቲ የፈረንሳይ ወደብ፣ ሐዲዱ የፈረንሳይ ኩባንያ፣ ከተማዋ ውስጥ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣልያኑ። ጠርሙሱ ከባሕሩ በሐዲድ ሽቅብ ወጣ፤ እንደ አዱሊሱ ዘመን ማለት ነው። አሁንም ገዝቶ የሚጠጣው አስገቢውና ወዳጁ ነበር።

ከጠርሙሱ ጋር ሐረጉም መጣ። ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጎዳናው ቀጥ ያለ፣ ዛፉ የበዛ፣ የባቡሩ ሹማምንትና የውጭ ዜጎች ይኖሩበት የነበረ ነው። በየግቢው በረንዳ ላይ ወይን ይሰቀል ነበር። መጀመሪያ የተፈለገው ለፍሬው አይመስለኝም። ቀን ለፀሐይ ጥላ ይሆናል፤ የአገራቸውንም መልክ ያስታውሳቸዋል።

የአባቴ አባት በምድር ባቡሩ ጋራዥ ቀን ሠራተኛ ነበር። ከሥራ በኋላ በአንድ የውጭ ሰው ግቢ ውሃ ያጠጣ ነበር። የሰውየውን ስም ነግሮን አያውቅም፤ «ፈረንጁ» ይለው ነበር። ያ ሰው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ያን የመሰለ ለምለም ሐረግ ሙልጭ አድርጎ ይቆርጠዋል። አያቴ መጀመሪያ ያበደ መስሎት ነበር። በአራተኛው ወር ግን ዘለላው ተንጠለጠለ። በሚቀጥለው ዓመት አያቴ መሬት ከወደቀው ቁራጭ አንዱን ወሰደ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለ፣ በአህያ ዋሂል አደረሰው። ተሰረቀ ትሉ እንደሆነ፣ ቁራጩ ለፍየል ሊጣል የነበረ ነው።

የዚህ ቁርጥ ምስጢር ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ የጽሑፌ ዋና ነገር እዚህ ነው። ወይን መሠረቱ በጋ ሞቃት፣ ብርዳማው ወቅት በረዶ የሆነ አገር ነው። (እነሱ ክረምት የሚሉት የእኛን ክረምት አይደለም፤ የኛ ዝናብ ነው፣ የነሱ ብርድ።) ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ባለው አገር ብርዱ ሲመጣ ሐረጉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። ያ እንቅልፍ ዕረፍቱ ነው፤ ሲነቃ ቡቃያው ሁሉ እኩል ይነቃል፣ እኩል ያብባል፣ እኩል ይበስላል። ድሬዳዋ ግን ከ9 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት፤ ከባሕር ወለል 1200 ሜትር ያህል ከፍታ፣ አማካይ ሙቀቷ 25 ዲግሪ ገደማ። በዚህ ያለ ወይን የሚተኛበት ወር የለውም። ከተተወ ዓመቱን ሙሉ ይለመልማል፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አበባውም፣ ጨርቋውም፣ የበሰለውም አብሮ ይታያል። ለዓይን ደስ ይላል። ለገበሬው ግን ጥፋት ነው፤ የሚለቀም ሙሉ ምርት የለም፣ ሥሩም ሳያርፍ ይደክማል፣ ጥቂት ዓመት ሰጥቶ ይመክናል።

እንግዲህ ብርድ ከሌለ ብርዱን የሚተካ ሰው መኖር አለበት። ውሃውን ይከለክለዋል፣ ሐረጉን ይገርዘዋል። ሐረጉ ደንግጦ ይተኛል፤ ሲነቃ ሁሉም ቡቃያ አብሮ ይነቃል። ከግርዛቱ እስከ ለቀማው አራት ወር ያህል ነው። ስለዚህ በሙቅ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ መልቀም ይቻላል፤ አንዱ ለቀማ ግን ዝናብ ላይ ይወድቃል፣ ዝናብ ደግሞ በበሰለ ወይን ላይ ፍሬውን ያፈነዳል፣ ሻጋታ ያመጣል። ከዚራ የነበረው ሰውዬም ሆነ አያቴ በጥቅምት የሚገርዙት ለዚህ ነው፤ ፍሬው በየካቲት ይደርሳል፣ የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ሲመጣ ዘለላው ተሽጦ አልቋል። የቀን መቁጠሪያው በቢላዋ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

የዘሩም ምርጫ እንዲሁ ነው። ሙቀት ስኳሩን ቶሎ ያመጣል፣ ኮምጣጣነቱን ግን ይበላዋል፤ በተለይ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ። ኮምጣጣነት የሌለው ወይን ጠጅ ደግሞ ልፍስፍስ ነው፣ ቶሎም ይበላሻል። ስለዚህ የሙቅ አገር ሰዎች ዘር ይመርጣሉ። ግረናሽ የሚባለው ቀይ ዘር ድርቅና ፀሐይ አይፈራም። ሸናን ብላንና ኡኚ ብላን የሚባሉት ነጫጮች በሙቀት ውስጥም ኮምጣጣነታቸውን ይዘው ይቆያሉ። የእስክንድርያ ሙስካት ደግሞ የሜዲትራንያን ዳርቻ አሮጌ ዘር ነው፤ ይበላል፣ ይደርቃል፣ ይጠመቃል። በእኛም አገር ደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ከእነዚህ የተወሰኑት ተተክለው ተሞክረዋል። የአያቴ ዘር ግን ስም አልነበረውም፤ «ጥቁሩ» ይባላል፣ አበቃ።

መጥመቁም ሌላ ጣጣ አለው። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያወጣል። አየሩ ሞቃት ከሆነ ጭማቂው ከ35 ዲግሪ ያልፍና እርሾው ይሞታል፤ ግማሹ ስኳር ሳይቦካ ይቀራል፣ ኮምጣጤ ይሆናል። የአልጄሪያ ዳርቻ የፈረንሳይ ሰፋሪዎች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጭማቂውን በቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ማቀዝቀዝ እስኪለምዱ ድረስ ብዙ ደፍተዋል። ከለመዱ በኋላ ግን አልጄሪያ፣ ሙቅ የባሕር ዳርቻ፣ ሕዝቧም ሙስሊም፣ ከዓለም አንደኛ የወይን ጠጅ ላኪ ሆነች። ጠጪው ፈረንሳይ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ፈረንሳይ መግዛቱን ቀነሰች፤ ሐረጉም ከእርሻው እየተነቀለ ስንዴ ተዘራበት። ያው አየር፣ ያው መሬት፣ ያው ሃይማኖት። የተለወጠው ገዢው ነው።

ወደ ሌላ አቅጣጫ ደግሞ ታንዛንያን ተመልከቱ። ዶዶማ ከፍታዋ 1100 ሜትር ያህል፣ ዝናቧ ጥቂት፣ የድሬዳዋ መንታ እኅት ልትባል የምትችል ናት። ወይን በሚሲዮናውያን እጅ ገባላት፤ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለቀማል፣ ይጠመቃልም። እንግዲህ «ቆላ ጠጅ አይወጣውም» ያለው ጓደኛዬ ይህን ሳሳየው ራሱን ነቀነቀ። «ዶዶማን አላውቅም ነበር» አለ። እኔስ መቼ አውቅ ነበር?

በአገራችን ወይን ጠጅ በፋብሪካ የተጠመቀው ጠጪው ባለበት ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ በ1943 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተቋቋመ። ከጠርሙሶቹ አንዱ የጉደርን ስም ይዞ ወጣ፤ ወይኑ በአርሲ መርቲም ለማ። በደርግ ጊዜ ተወረሰ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ለግል ባለሀብቶች ተሸጠ። በዝዋይ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከፈረንሳይ ባመጣው ችግኝ መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ አልምቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ገበያ አወጣ። ዝዋይ ከባሕር ወለል 1600 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሐይቁ ውሃ ይሰጣል፣ አዲስ አበባም በመኪና የሁለትና የሦስት ሰዓት መንገድ ናት። ድሬዳዋ ፀሐዩ ነበራት። ውሃውና ጠጪው ግን በቂ አልነበሩም።

ውሃው! የአያቴን ሐረግ የገደለው ይኸው ነው። ሃይማኖት አይደለም፤ አያቴ ሰላቱን የማያጓድል ሰው ነበር፣ ሐረጉንም እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። በየካቲት ዘለላውን በቅርጫት ቀፊራ ገበያ ያወርዳል፤ የሚገዛው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው፤ ለታመመ ሰው፣ ለአራስ፣ ለእንግዳ። እኔም አንዳንዴ አብሬው እሄድ ነበር፤ ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ ብነቅል «የሰው ገንዘብ ነው» ይለኛል፤ ሳይሸጥ የሰው ሆነ እንዴ? ግን እሱ ካረፈ በኋላ አጎቴ ሒሳብ ሠራ። ወይን ዓመት ጠብቆ አንድ ጊዜ ይሰጥሃል፤ በለቀምክ በሦስት ቀን ካልሸጥከው ንብ ይበላዋል። ጫት ውሃ ባጠጣኸው ቁጥር ቅጠል ያወጣል፤ ዛሬ ይቆረጣል፣ ዛሬ ይሸጣል፣ ማታ ጂቡቲና ሐርጌሳ ይደርሳል። የድሮው ሐዲድ ከባሕሩ ጠርሙስ አመጣ፤ የዛሬው መንገድ ወደ ባሕሩ ቅጠል ይወስዳል። ጉድጓዱ ደግሞ አንድ ነው። አጎቴ ውሃውን ወደ ጫቱ መለሰው። ተቆጥቼ ነበር፤ ትምህርት ቤት የከፈለልኝ ግን ያው ጫት ነው፣ ስለዚህ ቁጣዬን ዋጥኩት።

ባለፈው ዕረፍት፣ ጥቅምት ላይ፣ ወደ ዋሂል ወረድኩ። ሐረጉ ግንዱ ደርቋል፣ ቅርፊቱ ተልጧል፤ ከሥር ግን፣ ከጉድጓዱ ግድብ ሥር ከሚያንጠባጥበው ውሃ ይሆናል፣ ሁለት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወጥተዋል። አጎቴን «የቱ ጋ ነበር የሚቆርጠው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«አቦ እኔ ምን አውቃለሁ፣ እሱ ሲቆርጥ እኔ ፍየል ላይ ነኝ» አለኝ። ከዚያ አሰብ አድርጎ «ሁለት ዓይን ይተው ነበር መሰለኝ» አለ። «ሁለት ወይ ሦስት።»

እናቱ፣ ያቺ ዘቢብ የምትዘፈዝፈው ሌላዋ አያቴ ሳትሆን የአባቴ እናት፣ ከጎጆው ውስጥ ሆና ትሰማን ኖሯል። «ሁለት ነው» አለች። «ሦስት ከተውክ እንጨት ነው የሚሆነው፣ ይል ነበር።»

የአያቴ ቢላዋ ዝጓል፤ በድንጋይ ሳልኩት። ሁለት ዓይን ቆጠርኩና ቆረጥኩ። አጎቴ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ከጫቱ ቦይ ላይ በመጥረቢያው ጀርባ አንድ ቀጭን ጎን ከፈተ፤ ውሃው ግን አሁን አይሄድም፣ ሐረጉ እስኪነቃ መጠበቅ አለበት አልኩት። «እሺ፣ እስከ መቼ?» አለ። ስንት ቀን እንደሆነ እኔም አያቴን አልጠየቅሁትም ነበር፤ ሁለታችንም ወደ ጎጆው ዞረን እሷን ጠራናት።